መዝገቡ በሙሉ ቢጫ ሲሆን፦ ለፕሮጀክት ስጋቶች ነጥብ ስለ መስጠት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ውስጥ ጂ ፕላስ 7 ሕንፃ በሚሠራ ተቋራጭ ዘንድ የዕቅድ መሐንዲስ ናቸው። ውሉ 240 ሚሊዮን ብር፣ የውል ጊዜው 600 ቀን ነው። የመዘግየት ቅጣቱ በቀን የውሉ 0.1 በመቶ ሲሆን ጣሪያው 10 በመቶ ነው። 46 ስጋቶችን ፕሪማቬራ ፒ6 በተባለው የፕሮጀክት ዕቅድ ሶፍትዌር መዝግበው፣ ከቡድናቸው ጋር ሆነው ለመከሰት ዕድላቸውና ለጉዳታቸው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጡ። የሁለቱ ነጥቦች ብዜት ሲወጣ 34ቱ ቢጫ፣ ማለትም መካከለኛ ሆኑ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይተው «ታዲያ ነገ ጠዋት የትኛውን ልያዝ?» አሏቸው። ጠያቂው አሁን ማወቅ የሚፈልጉት መለኪያውን ከ1 እስከ 10 ቢያሰፉት ስጋቶቹ ይለያዩ እንደሆነ፣ ወይም በሶፍትዌሩ ውስጥ የማያውቁት ማስተካከያ ይኖር እንደሆነ ነው።

መለኪያውን ወደ 10 ማስፋት አይጠቅምዎትም። በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚስተካከል ነገር ግን አለ፤ ሁለት ቦታ ላይ። ሁለቱንም ከመንካትዎ በፊት «3» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መወሰን አለብዎት፤ ችግሩ የተጀመረው እዚያ ነውና። 34 ረድፍ ቢጫ የሆነው ስጋቶቹ ስለሚመሳሰሉ አይመስለኝም። ነጥብ ሰጪዎቹ ያልገባቸውን ሁሉ መሐል ላይ ስላስቀመጡት ነው። ከ1 እስከ 5 በተዘረጋ መለኪያ ላይ 3 ቁጥር «አላውቅም» ለማለት የሚያፍር መሐንዲስ መጠለያ ነው። መለኪያውን እስከ 10 ቢዘረጉት መጠለያው ወደ 5 እና 6 ይዛወራል እንጂ ሰዎቹ ከመጠለያው አይወጡም።

ቃላት ያለ ቁጥር ሲቀሩ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የቆየ ታሪክ አለ። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች ዩጎዝላቪያ ትጠቃ እንደሆነ ሲገምቱ፣ ጥቃቱ «በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ዕድል» እንዳለው ጻፉ። ከሰነዱ አዘጋጆች አንዱ የነበረው ሸርማን ኬንት ኋላ ላይ ባልደረቦቹን ሐረጉን በቁጥር እንዲገልጹለት ጠየቃቸው። አንዱ ከ100 ውስጥ 20 ነው አለ፤ ሌላው 80። ሁሉም በዚያ ሐረግ ተስማምተውበት ነበር። የእርስዎ መዝገብ ላይ «መካከለኛ» የሚለው ቃል የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ስምምነት ያለ ያስመስላል።

ስለዚህ መለኪያውን ከውልዎ ያውጡት። ቁጥሩ በእጅዎ ነው። የ240 ሚሊዮን 0.1 በመቶ 240,000 ብር ነው፤ አንድ ቀን መዘግየት በቅጣት ብቻ ይህን ያህል ያስወጣል። በዚያ ላይ ለጥበቃ፣ ለማሽን ኪራይ፣ ለሳይት ሠራተኞች ደመወዝ የሚወጣውን ይጨምሩ። እርስዎ ትክክለኛውን ከሒሳብ ክፍል ይውሰዱ፤ እኔ ለምሳሌ ያህል 60,000 ብር ብዬ እይዛለሁ። እንግዲህ አንድ ቀን 300,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የጊዜና የገንዘብ ጉዳት በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ። 1 ነጥብ እስከ 5 ቀን ወይም እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር፤ 2 ነጥብ እስከ 10 ቀን ወይም 3 ሚሊዮን፤ 3 ነጥብ እስከ 20 ቀን ወይም 6 ሚሊዮን፤ 4 ነጥብ እስከ 40 ቀን ወይም 12 ሚሊዮን፤ 5 ነጥብ ከዚያ በላይ። እያንዳንዱ ደረጃ የፊተኛው እጥፍ መሆኑን ልብ ይበሉ። ብዙ ድርጅቶች የገንዘብ መለኪያውን ከአንድ ሰነድ፣ የጊዜ መለኪያውን ከሌላ ሰነድ ገልብጠው ያስገባሉ። ያን ጊዜ በጊዜ ረገድ 4 የተባለው ስጋት በገንዘብ 4 ከተባለው ሦስት እጥፍ ሊከብድ ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ግን እኩል ያያቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «20 ቀን» ሲባል የአንዱ ሥራ መዘግየት ሳይሆን የማስረከቢያው ቀን መዘግየት ነው። የአጥር ሥራው 20 ቀን ቢዘገይና 45 ቀን የጊዜ ትርፍ ቢኖረው፣ ማስረከቢያው ፈቀቅ አይልም፤ ቅጣትም የለም። ፒ6 የእያንዳንዱን ሥራ የጊዜ ትርፍ ያሰላልዎታል፤ ነጥብ ከመስጠትዎ በፊት ያንን ዓምድ ከስጋቱ አጠገብ ይክፈቱት። ይህን ብቻ በማድረግ ከቢጫዎቹ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት አረንጓዴ ሆነው ሊያዩአቸው ይችላሉ። የቅጣቱ ጣሪያ 24 ሚሊዮን ብር ነውና በ100 ቀን ይሞላል። ከዚያ ያለፈ መዘግየት የሚያመጣው የውል ማቋረጥ ጥያቄ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ስጋት 5 ላይ ይቁም፤ በገንዘብ ለመተመን አይድከሙ።

ለመከሰት ዕድልም እንዲሁ በመቶኛ ይወስኑ፤ ከ10 በመቶ በታች፣ ከ10 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 70፣ ከ70 በላይ። መቶኛውን ከየት ላምጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። ድርጅትዎ ባለፉት ዓመታት ያስረከባቸውን ሕንፃዎች ፋይል ያውጡና ይቁጠሩ። ከስምንት ሕንፃ በስንቱ ላይ የክፍያ ሰርተፍኬት (አሠሪው ለተሠራው ሥራ የሚከፍልበት ሰነድ) ከሁለት ወር በላይ ቆየ? ስድስት ከሆነ፣ ያ ስጋት 3 አይደለም፤ 5 ነው፤ ስብሰባው ላይ ማንም ምንም ይበል። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ካኔማንና ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር ይህ ነበር፤ ሰው የራሱን ሥራ ከውስጥ እያየ ሲገምት ቸልተኛ ብሩህ ተስፋ ያድርበታል፤ ተመሳሳይ ሥራዎች እንዴት እንዳለቁ ከውጭ ሲያይ ግን ግምቱ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ስምንት ሕንፃ ትንሽ ናሙና ነው፤ ቢሆንም ከባዶ ስሜት ይበልጣል።

አሁን ወደ 46ቱ ረድፎች ልመለስ። ከላኩት ዝርዝር ውስጥ ያነበብኳቸው ጥቂቶች ነጥብ ሊሰጣቸው የማይችሉ ናቸው።

ለምሳሌ «የክረምት ዝናብ ቁፋሮውን ያስተጓጉላል» የሚለው ዕድል 4 ተሰጥቶታል። ክረምት ግን በየዓመቱ ይመጣል። የመምጣቱ ነገር የተረጋገጠ ከሆነ ስጋት ሳይሆን የዕቅድዎ አካል ነው። ቦታው በዝርዝሩ እንደጻፉት ጥቁር አፈር ከሆነ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ማሽን ይውጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚኖርዎት የቁፋሮ ቀን ጥቂት ነው። ይህ በፒ6 የሥራ ቀን መቁጠሪያ ውስጥ ይገባል፦ ለቁፋሮና ለመሠረት ሥራዎች ብቻ የተለየ ቀን መቁጠሪያ ይፍጠሩና የእነዚያን ወራት የሥራ ቀናት ይቀንሱ። ስጋት ሊባል የሚችለው ዝናቡ ከወትሮው ቀድሞ ቢጀምር ወይም መስከረምን አልፎ ቢዘልቅ ነው፤ ነጥቡን ለእርሱ ይስጡት። (ቀን መቁጠሪያን ካነሳሁ አይቀር፣ የውሉን ቀኖች ከእኛ አቆጣጠር ወደ ሶፍትዌሩ ሲያስገቡ ደግመው ያረጋግጡ። መስከረም 1 ቀን እንደተለመደው ሴፕቴምበር 11 ላይ ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ላይ የሚውልባቸው ዓመታት አሉ፤ 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር። የአንድ ቀን ስህተት በእርስዎ ውል 240,000 ብር ነው።)

«የሲሚንቶ ችግር» የሚለው ደግሞ ስጋት ሳይሆን ርዕስ ነው። ምን ይሆናል? ዋጋው ይጨምራል? ከገበያ ይጠፋል? ስድስተኛው ፎቅ ሶሌታ ሊሞላ በተዘጋጀበት ሳምንት አይደርስም? ሦስቱም የተለያየ ዕድልና የተለያየ ጉዳት አላቸው። አንዱ ሰው ዋጋውን እያሰበ፣ ሌላው እጥረቱን እያሰበ ነጥብ ሲሰጡ አማካዩ 3 ይሆናል፤ ያ 3 የማንንም ሐሳብ አይወክልም። እያንዳንዱን ረድፍ «በዚህ ምክንያት፣ ይህ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከሆነም ይህን ያስከትላል» በሚል ሦስት ክፍል ባለው ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፉት። ዓረፍተ ነገሩ ሊጻፍ ካልቻለ ረድፉን ይሰርዙት።

ሦስተኛውና ትልቁ ጉዳይ የውጭ ምንዛሪ ነው። በመዝገብዎ ውስጥ ስድስት ረድፎች አገኘሁ፦ የፌሮ ዋጋ፣ ሊፍት፣ አልሙኒየምና መስታወት፣ ጄኔሬተር፣ የኤሌክትሪክ ኬብል፣ የንጽሕና ዕቃዎች። ሁሉም በዕድል 3፣ በጉዳት 3 ተሰጥቷቸው፣ ተራ በተራ በዝርዝሩ መሐል ተበታትነዋል። የስድስቱም መንስኤ ግን አንድ ነው። ፌሮው እዚሁ አገር ቢጠቀለልም ቢሌቱ (የሚጠቀለለው ጥሬ ብረት) የሚመጣው ከውጭ ነው። የምንዛሪው ተመን አንድ ቀን ሲንቀሳቀስ ስድስቱም በአንድነት ይንቀሳቀሳሉ።

ይህ ለእኛ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያን ጊዜ ሊፍቱን ያላዘዘ፣ ጄኔሬተሩንም ያላዘዘ ተቋራጭ አንድ ወጥ ድንጋጤ ነው የደረሰበት፤ መዝገቡ ላይ ግን ስድስት ትንንሽ ቢጫ ረድፎች ነበሩት።

በቁጥር እንየው። ለእያንዳንዱ ረድፍ 40 በመቶ ዕድልና 4 ሚሊዮን ብር ጉዳት እንያዝ። ስድስቱ እርስ በርስ የማይገናኙ ቢሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ላይ የመድረሳቸው ዕድል 0.4 በራሱ ስድስት ጊዜ ተባዝቶ፣ ከ1,000 ውስጥ 4 ያህል ነው፤ ሊረሳ የሚችል ነገር። መንስኤያቸው አንድ ከሆነ ግን ስድስቱም የመድረሳቸው ዕድል ራሱ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ የሚመጣውም ጉዳት 24 ሚሊዮን ብር ነው፣ የውልዎ 10 በመቶ። በአንድ ረድፍ ቢጻፍ ኖሮ ጉዳቱ 5 ሆኖ ከላይ ይቀመጥ ነበር። ሥራ አስኪያጅዎ ነገ ጠዋት የሚይዙት እርሱን ነው፤ በተለይ በውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ቀመሩ ሊፍትና ጄኔሬተርን የማያካትት ከሆነ። ውሉን ዛሬ ያንብቡት።

የጥያቄዎን ርዕስ «የስጋት መንስኤዎችን ደረጃ ስለ መስጠት» ብለውት ነበርና፣ መንስኤና ስጋት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ምንዛሪ መንስኤ ነው፤ ሊፍቱ በሰዓቱ አለመድረሱ ስጋት ነው። ፒ6 ለስጋቶች ምድብ እንዲሰጡ ይፈቅድልዎታል። ምድቡን በሥራ ዓይነት (ሲቪል፣ ኤሌክትሪክ፣ ሳኒታሪ) ሳይሆን በመንስኤ ያድርጉት፦ ምንዛሪ፣ ከመሬት በታች ያለ ያልታወቀ ነገር፣ የአሠሪው ክፍያ፣ የአማካሪው የማጽደቅ ፍጥነት፣ የመብራትና የውሃ ግንኙነት። ከዚያ በምድብ ደምረው ይዩ።

ወደ ማባዛቱ ልምጣ። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 የተባሉት ቁጥሮች የተራ ቁጥር ናቸው፤ እንደ ሩጫ ውድድር አንደኛ፣ ሁለተኛ ማለት ነው። ሁለተኛ የወጣው ሯጭ የአንደኛውን እጥፍ ጊዜ ፈጀ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ 4 የተሰጠው ጉዳትም የ2 እጥፍ ነው ማለት አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ ስታንሊ ስቲቨንስ የመለኪያ ዓይነቶችን ከለየበት ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የተራ ቁጥርን ማባዛት የፕሮጀክት ቢሮዎች ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

በእርስዎ መለኪያ ሁለት ስጋቶችን ላነጻጽር። የመጀመሪያው የፌሮ አቅራቢው መዘግየት ነው፤ ዕድል 4፣ ጉዳት 3፣ ብዜቱ 12። ሁለተኛው የሊፍቱ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለውጭ አቅራቢ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሳይከፈት መቆየት ነው፤ ዕድል 2፣ ጉዳት 5፣ ብዜቱ 10። መዝገቡ ፌሮውን ያስቀድማል። አሁን በቀን እንቁጠር፦ ፌሮው 60 በመቶ ዕድል በ15 ቀን ሲባዛ 9 ቀን፤ ሊፍቱ 20 በመቶ ዕድል በ60 ቀን ሲባዛ 12 ቀን። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። የስጋት ተንታኙ ሉዊስ አንቶኒ ኮክስ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን መገለባበጥ በሒሳብ አሳይቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ቀላል፣ አልፎ አልፎ የሚደርሱት ከባድ በሆኑበት ቦታ ማትሪክሱ (ዕድልንና ጉዳትን አጣምሮ ነጥብ የሚሰጠው ሰንጠረዥ) በዘፈቀደ ከመምረጥ የባሰ ሊሆን እንደሚችል ጭምር። ኮንስትራክሽን ደግሞ ልክ እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ከ1 እስከ 10 ያለውን መለኪያ የተውኩትም በዚህ ምክንያት ነው። የመኪና አምራቾች የብልሽት ትንተና ሲያደርጉ ለአሥርት ዓመታት ሦስት የ1–10 ነጥቦችን እያባዙ እስከ 1,000 የሚደርስ ቁጥር ያወጡ ነበር። የአሜሪካና የጀርመን የዘርፉ ማኅበራት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ መመሪያ ያንን ብዜት ትተው፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ የሚል የቅድሚያ ሰንጠረዥ ተኩበት። ከእኛ ይልቅ ብዙ መረጃ ያላቸው ሰዎች ናቸው ብዜቱን የተዉት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ማስተካከያ ይህ ነው። በፒ6 ውስጥ ሶፍትዌሩ ነጥቡን የሚያነሳው በድርጅት ደረጃ ከተዘጋጀ የስጋት ማትሪክስ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያስቀመጠው ሰው ነው፤ መለወጥም ይቻላል። የማስተካከል ፈቃድ ከሌለዎት ሥርዓቱን የሚያስተዳድረውን ሰው ይጠይቁ። በእያንዳንዱ ሳጥን የዕድሉን መካከለኛ መቶኛ በጉዳቱ መካከለኛ ቀን አባዝተው የሚመጣውን ያስገቡ፤ ከላይ ባሉት ሁለት ምሳሌዎች 9 እና 12 እንደሆነው ማለት ነው። የፕሮጀክት አስተዳደር ኢንስቲትዩት መመሪያ ላይ ለዓመታት የታተመው ምሳሌ ማትሪክስም የጉዳት ክብደቱ 0.05፣ 0.1፣ 0.2፣ 0.4፣ 0.8 ነበር፤ እጥፍ እየሆነ የሚሄድ። ከ1 እስከ 5 ያለው ብዜት ከየት እንደመጣ አላውቅም ባልልም፣ ከስንፍና እንደመጣ ነው የማምነው። በኤክሴል ለመሥራት ቀላል ነው።

ሁለተኛው ማስተካከያ የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው ነው፤ እኔም ዋጋ ከፍዬበታለሁ። አንድ ስጋት የጊዜ፣ የገንዘብ፣ የጥራትና የደኅንነት ጉዳት ሊኖረው ይችላል። ፒ6 እነዚህን አንድ ለማድረግ ሦስት መንገድ ይሰጣል፦ ከፍተኛውን ጉዳት መውሰድ፣ የጉዳቶቹን አማካይ ወስዶ ነጥብ ማውጣት፣ ወይም የእያንዳንዱን ነጥብ አውጥቶ አማካዩን መውሰድ። አማካይ የሚለው ቃል ለጆሮ ፍትሐዊ ይመስላል። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ፕሮጀክት አማካዩን መርጬ ነበር። «ከመሬት በታች በካርታ ላይ የሌለ የውሃ መስመር ሊኖር ይችላል» ለሚለው ረድፍ ጊዜ 5፣ ገንዘብ 2፣ ጥራት 1፣ ደኅንነት 1 ሰጠን። አማካዩ 2.25 ሆነ፤ ረድፉም ከአረንጓዴዎቹ መሐል ገብቶ ተረሳ። ኤክስካቫተሩ መስመሩን የመታው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መስመሩ እስኪዛወር ሰባት ሳምንት ቆመን፣ ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላ እያየን። የጥራት ጉዳቱ 1 መሆኑ የጊዜ ጉዳቱን ቀለል አላደረገልንም። ሁልጊዜ «ከፍተኛውን» የሚለውን ይምረጡ። አንዳንድ ስጋት ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይታይ ይሆናል፤ ያንን በአንድ ስብሰባ ማውረድ ይቻላል።

ነጥቡን ማን፣ እንዴት ይስጥ የሚለውን አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ከሶፍትዌሩ ይልቅ እዚህ ላይ ብዙ ነገር ሲበላሽ አይቻለሁ። ስብሰባ ተጠርቶ፣ ረድፉ በስክሪን ላይ ተነብቦ፣ ሥራ አስኪያጁ «ይህ እንኳ ሁለት ነው» ካሉ በኋላ አራት የሚል ፎርማን እስካሁን አልገጠመኝም። አክብሮታችን ጥሩ ነገር ነው፤ ለግምት ግን አይሆንም። ከስብሰባው በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ይስጡ፤ ስም ሳይጻፍበት በመቶኛና በቀን ይሙላ። ፎርማኑን፣ የንብረት ክፍሉን ኃላፊ፣ የግዢ ሠራተኛውን አይርሱ፤ የፌሮ አቅራቢው ስልክ አላነሳ ማለት ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከዚያ ልዩነቱን ይዩ። አምስት ሰው 40፣ 40፣ 35፣ 45፣ 40 ካለ ስለዚያ ረድፍ መወያየት አያስፈልግም። 10፣ 15፣ 10፣ 70፣ 80 ከመጣ ግን አማካዩን እንዳይወስዱ። ሁለቱ ሰዎች ሦስቱ የማያውቁትን ነገር ያውቃሉ፤ ወይም ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ትርጉም አለው።

ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ1986 እ.ኤ.አ. ከተሰባበረች በኋላ ፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ያገኘው ልዩነት ይህን ዓይነት ነበር። መንኮራኩር የመጥፋት ዕድሏን መሐንዲሶቹ ከ100 አንድ አካባቢ ሲያደርጉት፣ አስተዳዳሪዎቹ ከ100,000 አንድ ይሉ ነበር። እንደ አስተዳዳሪዎቹ ከሆነ በየቀኑ አንድ እየተመጠቀ ለ300 ዓመት ያህል አንድ ብቻ መጥፋት ነበረበት። ሁለቱ ግምቶች በአንድ ተቋም ውስጥ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር።

ቢሮዎ ወደ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ሊዛወር እንደሚችል ጠቅሰዋል። የዴስክቶፑ ፕሮግራም የራሱ የስጋት መዝገብ የለውም፤ በተጨማሪ ዓምዶች ላይ ቀመር ጽፈው ቀለም ያለው ምልክት እንዲያወጣ ማድረግ ይችላሉ። በድረ ገጽ በሚሠራው ፕሮጀክት ዌብ አፕ ውስጥ ያለው የስጋት ቅጽ ደግሞ ዕድሉን በመቶኛ፣ ጉዳቱን ከ1 እስከ 10 ተቀብሎ ያባዛል። ከላይ ያልኩት የተራ ቁጥር ችግር እዚያም ግማሹ አለ። ቅጹ ለወጪ የተለየ ቦታ ስላለው እርሱን በብር ሞልተው በዚያ ይደርድሩ፤ ከ1 እስከ 10 ያለውን ይተዉት።

ነጥቡ ከወጣ በኋላ ለእያንዳንዱ ከፍተኛ ስጋት ሁለት ነጥብ ይያዙ፤ አንዱ ምንም ሳይደረግ፣ ሌላው የታሰበው እርምጃ ከተወሰደ በኋላ። ፒ6 ለሁለቱም ቦታ አለው። የሁለቱ ልዩነት በብር ሲሰላ እርምጃው ያዋጣ እንደሆነ ይታያል። ሊፍቱን አሁን አዝዞ ቅድሚያ ክፍያ መክፈል 3 ሚሊዮን ብር ቢያስይዝና የ60 ቀኑን ዕድል ከ20 ወደ 5 በመቶ ቢያወርድ፣ የዳነው በአማካይ 9 ቀን ነው፤ በ300,000 ሲባዛ 2.7 ሚሊዮን ብር። የተያዘው ገንዘብ ደግሞ አልጠፋም፤ ቀድሞ ወጣ እንጂ። የሚነጻጸረው ከ3 ሚሊዮኑ ጋር ሳይሆን ያ ገንዘብ ቀድሞ በመውጣቱ ከሚያስከፍለው ወለድ ጋር ነው። ሥራ አስኪያጅዎ የጠየቁት የነገ ጠዋት ሥራ እንዲህ ያለ መስመር ላይ ተጽፎ ሲመጣላቸው ይወስናሉ፤ «12፣ ቢጫ» ተብሎ ሲመጣላቸው ግን መልሰው እርስዎን ይጠይቁዎታል።

በየወሩ መዝገቡን ሲያድሱ የድሮውን ነጥብ አይሰርዙት፤ አዲሱን ከጎኑ ይጻፉ። ስጋቱ ሲዘጋ ደርሶ ወይም ሳይደርስ እንደተዘጋ ይመዝግቡ። «60 በመቶ» ካላችኋቸው 20 ረድፎች ውስጥ 12 አካባቢ መድረስ ነበረባቸው። 18 ከደረሱ ቡድናችሁ ብሩህ ተስፋ ያበዛል፤ 4 ብቻ ከደረሱ ደግሞ ስለ ክፉው ነገር መጮህ ይወዳል። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግሌን ብራየር ባወጣው ቀመር ራሳቸውን እንዲህ ይመዝናሉ። በሚቀጥለው ሕንፃ ላይ መቶኛዎቹን ከየት እንደሚያመጡ አይጠይቁኝም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ በሺህ የሚቆጠሩ ዕጣዎችን እያወጣ የማጠናቀቂያ ቀኑን የሚያሰላ የማስመሰያ ሶፍትዌር ድርጅቱ ይግዛ ወይ የሚል ነበር። ለአሁኑ አይግዛ። ያ ሶፍትዌር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚፈልገው በቀንና በመቶኛ የተጻፈ ግምትና የትኛው ስጋት ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚንቀሳቀስ ነው፤ ሁለቱም ገና በእጅዎ የሉም። የስድስቱን የምንዛሪ ረድፎች ግንኙነት ሳያስገቡ ቢያስኬዱት፣ ልዩነቶቹ እርስ በርሳቸው እየተጣፉ ውጤቱ ከእውነቱ ይልቅ የተረጋጋ መስሎ ይወጣል። መዝገቡን ሁለት ዙር ካደሱ በኋላ ይመለሱበት። የፈቃድ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ያን ጊዜ ምንዛሪ በሚለው ምድብ ስር ሰባተኛ ረድፍ ሆኖ ይገባል።